ነጭ ያበበው ሐረግ

ዘውድነሽ ሐረጓን ለማንም አደራ ሰጥታ አታውቅም። ልጇ ትዕግስት ዳንግላ ላይ ስትወልድ ግን ሄዶ አራሷን ማረስ ግድ ሆነባት። የተወለደችው ሴት ናትና ክርስትናዋ ደግሞ ይርቃል። ታዲያ ለማን ትስጥ? ለአበልጇ ለምህረቴ ነዋ። ምህረቴ የትዕግስት ክርስትና እናት ናት፤ የአጥር ጎረቤት ናት፤ የዘውድነሽን ገመና ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት። እሷን ያላመኑ ማንን ሊያምኑ ነው።

«ሌላ አይፈልግም፣ ውሃ ብቻ» አለቻት ዘውድነሽ ልትሄድ ስትል። «ዘንድሮ ያብባል አበልጄ፣ ልቤ ነግሮኛል።»

«ሂጂ እባክሽ፣ እንደ ልጄ ነው የማየው» አለች ምህረቴ።

ሐረግ ብዬ ሳወራ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል ይመስለው ይሆናል። ዘውድነሽ ልጅ ሳለች ከእንጅባራ በታች ባለው ወንዝ ዳር ከዛፍ ዛፍ እየተጠመጠመ ሐምራዊ አበባ ያንጠለጥል ነበር፤ ንቡ ሲተራመስበት ከሩቅ ይሰማል። ኋላ ጫካው ተመነጠረና ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ተተከለበት፤ ዲከረንሱም ከሰል እየሆነ በመኪና ይጫናል። ከሰሉን አልረግምም፣ ስንቱ ጎጆ ቆርቆሮ የለበሰው በሱ ነው። ብቻ ሐረጉ ጠፋ። የመጨረሻው ሲቆረጥ ዘውድነሽ ደረሰችና እንደ አተር ያለ ደረቅ ፍሬውን ፈልፍላ ጥቂት ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

ዘሩ ጠጠር ሆኖ አልበቅል አላት። ቢቸግራት ጎኑን በድንጋይ ፈተገችው፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈችው። አንዲት ብቻ ወጣች። ለሷም ቀርከሃ አቁማ መደገፊያ ሠራችላት። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ትዕዛዙ መጥቶ ቅጠሉን አገላብጦ አየና «እትዬ፣ ይሄ ከአተርና ከባቄላ ወገን ነው። ቅጠሉ ግን ሦስት ሦስት እየሆነ ስለሚወጣ ከአደንጓሬ ጋር ይመሳሰላል። አበባውን ሳላይ ይሄ ነው ብዬ ልዋሽዎት አልችልም» አላት። ዘውድነሽም አበባውን ስትጠብቅ ሦስት ክረምት አለፈ። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሐምራዊውን አበባ ዳግም አይታ፣ ዘር ለቅማ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብትዘራው። ሌላው ቢቀር ቢቀር እዚያ የሚመነጥረው የለም።

ዳንግላ ሳለች ምህረቴ ደውላላት ነበር። ባሏ እንግዳው ለፈረሰኞች በዓል ዳማ ፈረሱን ይዞ ወጥቶ አገር አድንቆለታል። ጸጉሩ ሲያበራ፣ ጎኑ ሞልቶ፣ ማየት ነበር አለቻት። ዘውድነሽም ደስ ብሏት «በጥር ደረቅ፣ ሣሩ ሁሉ አመድ በሆነበት፣ ምን አብልታችሁት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የአንቺን ምርቃት» አለች ምህረቴ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ክርስትናው አልቆ ስትመለስ መደገፊያው አረንጓዴ ለብሶ ጠበቃት። ከግንዱ ሥር አፈር ተከምሯል። «ውርጭ እንዳይመታብሽ አለበስኩት» አለች ምህረቴ። የእንጅባራን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህን ምን ብሎ ይጠራጠራል? ዘውድነሽ ትከሻዋን ስማ ከዳንግላ የገዛችላትን ነጠላ አለበሰቻት። ምህረቴም መርቃ ተቀበለች።

ከዚያ ዘውድነሽ ጠዋት ማታ ውሃ ማጠጣቱን ቀጠለች። አንድ ቀን አበበ። አበባው ነጭ ነው።

ወሬው ማኅበር ላይ ደረሰ። «ዘውድነሽ ሦስት ዓመት ሙሉ አደንጓሬ ስታሽሞነሙን ኖራለች» አለች አንዷ። «በይ ቀቅለሽ አብዪን» አለች ሌላዋ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ምህረቴም ሳቀች፤ እንባዋን የጠረገችው በዚያችው በአዲሷ ነጠላ ነው። ዘውድነሽ አፈረች። የልጅነት ትዝታዬ አታሎኝ ይሆናል፣ የለቀምኩት ዘር ምን እንደነበር እኔ ምን አውቃለሁ እያለች አንገቷን ደፍታ ቤቷ ገባች። ራሷን መጠርጠር ቀለላት፤ አበልጇን መጠርጠር በሐሳቧም አልመጣ።

ትዕዛዙ ግን መጥቶ አበባውን አገላብጦ አየ። «አደንጓሬ ነው፤ አልሸሽግዎትም» አላት። «ግን እኛ አገር የሚዘራው አደንጓሬ አንድ ወቅት አፍርቶ ይደርቃል። ሦስት ዓመት የኖረ አይቼ አላውቅም።»

እሱ እንደሄደ ዘውድነሽ ዶማ አንስታ የተከመረውን አፈር ገለጠች። አውራ ጣት የሚያህል ጉቶ አገኘች፤ ማጭድ አግድም የበላው። ከጉቶው ጎን ደግሞ ነጫጭ ቀንበጦች ወጥተው ብርሃን ፍለጋ አፈሩን ሽቅብ ሲገፉ ኖረዋል። ሁሉም በርጥበቱ በስብሰዋል። ስትነካቸው እጇ ላይ ፈረሱ።

ምህረቴን በአጥሩ በኩል ጠራቻት። ጉቶውን ስታይ ምህረቴ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ፈረሱ ከሳብን» አለች። «እንግዳው በዓሉ ላይ ላፍር ነው ብሎ እንቅልፍ አጣ። ትንሽ ቅጠል ብቻ ልሰጠው ነበር። ወደደው፣ ከዚያ ... አለቀ። አንቺን ላለማስከፋት ብዬ ነው አደንጓሬውን የተከልኩት።»

«ፈረስ ራበው፣ በላ። በዚህ አንጣላም ነበር» አለች ዘውድነሽ። «ሐረጉ እኮ አልሞተም ነበር። ከታች ያቆጠቁጥ ነበር። የመጣሁ ዕለት ብትነግሪኝ ይተርፍልኝ ነበር። አንቺ በቁሙ ቀበርሽው፤ ማበስበሻውን ውሃ ደግሞ በገዛ እጄ እንዳጠጣው አደረግሽኝ። ሰው ሲስቅብኝ አብረሽ ሳቅሽ፣ ምህረቴ።»

ትዕግስት ክርስትና ከተነሳች ጀምሮ አበልጇን በስሟ ስትጠራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ምህረቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

ዘውድነሽ አደንጓሬውን ከነአበባው ከቀርከሃው ላይ ገሽልጣ በአጥሩ ላይ አሻግራ ወረወረችው።

«ለዳማው ስጪው» አለች። «ከኔ ቤት መብላት ለምዷል።»

ዳማው የወደቀውን አረንጓዴ አይቶ ከግርግሙ መጣ። አሸተተው፣ አንዲት ቅጠል ነጨ፣ አላመጠና ተፋት። ከዚያ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ወደ ባዶው ቀርከሃ ማየት ጀመረ።