ውሻ የሚያሳርፍ ጥላ

አባትየው ከልጃቸው ጋር ሄደው ለመኖር የተስማሙት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ውሾቹም አብረው ይሄዳሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ጠባቂ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ እዚያው አጥሩ ሥር ባለችው ቤት ከሁለት ውሾቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ግማሽ ጎናቸውን ያዛቸውና ቀኝ እግራቸው መጎተት ጀመረ፤ አፋቸውም ወደ አንድ ወገን ዘንበል አለ። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋው ልጃቸው፣ ብቻዎን ትቼዎት እንቅልፍ አይወስደኝም እያለች አንዴ ስትለምን አንዴ ስትቆጣ ከረመች። በመጨረሻ በውሾቹ ነገር የተረታችው እሷ ናት።

ትልቁ ውሻ ዳኛው ይባላል። አርጅቷል። ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይጮህም እያሉ አባትየው ይቀልዱበታል። ሌላዋ ጉንጬ ናት፤ ቀጫጫ፣ የገዛ ጥላዋ የሚያስደነግጣት፣ ከአባትየው በቀር የማንንም ጥሪ ከቁም ነገር የማትቆጥር። ሁለቱም መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም።

የልጅቷ ባል ቤት ቀቢ ነው። ከሥራ ባልደረባው ከኋላው ሸራ የለበሰ ፒክአፕ ተዋሰ። ውሾቹ ከሸራው ሥር፣ አባትየው ከፊት፣ ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኑ። መንገዱን ባልየው በደንብ ያውቀዋል፤ ማረፊያ ሞልቷል፣ በየመሃሉ ቆም እያልን እናናፍሳቸዋለን ብሎ ነበር። የሚያውቀው ግን ያለ ውሻ ነው።

መጀመሪያ የቆሙት ነዳጅ ማደያ ነው። የኋላውን መዝጊያ ገና ሲከፍት ጥበቃው ሮጦ መጣ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። በቅርቡ አንድ የመንገደኛ ውሻ ደንበኛ ነክሶ እሱ ከሥራው ሊባረር ምንም አልቀረውም ነበር። እባካችሁ ሥራዬን አታሳጡኝ ብሎ ለመናቸው። የሚለምን ሰው ደግሞ ከሚቆጣ ሰው ይብሳል፤ ምን ይሉታል? መዝጊያውን መልሰው ሄዱ።

ሁለተኛው ቦታ ትልልቅ ዛፎች አሉት፤ የጭነት መኪኖች በጥላው ተደርድረዋል። ጎማ የሚቀይር አንድ ሾፌር ውሾቹን ሲያይ እጁን አወዛወዘና እንዳታወርዷቸው አለ። በሰፈሩ ዶሮ የሚያረባ ሰው ለባዘኑ ውሾች መርዝ የነካ ሥጋ በየቁጥቋጦው ጥሏል። ሾፌሩ በአገጩ ወደ ቦዩ ጠቆመ። ሆዱ የተነፋ ውሻ ተጋድሟል፤ ዝንብ ወሮታል። ስለዚህ ከመኪናው ሳያወርዱ ሊያጠጧቸው ሞከሩ። ዳኛው በጥሙ ብዛት ጄሪካኑን በደረቱ ገፋው። ልጅቷ አንስታ እስክታቆመው ድረስ ውሃው በመዝጊያው ሥር ፈሶ አልቆ ነበር።

ሦስተኛው ግቢ ያለው ምግብ ቤት ነው። በሩ ላይ አንገታቸው ከሰው ክንድ የሚወፍር ውሾች ያለ ሰንሰለት ቆመዋል። ባለቤቱ እየሳቀ ግቡ፣ ሰው አይነኩም አላቸው።

"ውሻስ?" አለች ልጅቷ።

"ለሱ እንኳ ዋስ አልሆንም።"

ባልየው ሳቅ አለ፤ ሌላ የሳቀ የለም። በመስኮት የገዙትን የታሸገ ውሃ ዳኛው ሊጠጣው አልቻለም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ከአፉ ይፈሳል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ጠበበ። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው የበቆሎ ማሳ፤ ወደፊት ደግሞ መንገድ እየተሠራ ስለነበር መኪናው ሁሉ ተከታትሎ ነው የሚሄደው። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። አባትየው እንደ ምንም ዞረው በኋላው መስታወት ያዩ ነበር። የዳኛው አተነፋፈስ ተቀይሯል፣ አቁሙ አሉ። ባልየው እዚህ ማቆም አደጋ ነው አላቸው።

"ወደፊትስ ምን አለ? ሦስቴ አየነው እኮ" አሉ።

ባልየው ትንሽ ሰፋ ባለ ጥግ ላይ አቆመና ከኋላ ድንጋይ ደረደረ። ዳኛውን ተሸክሞ አውርዶ በመኪናው ጥላ አስተኛው። ልጅቷ ጉንጬን በማሰሪያዋ ይዛ አወረደች። ውሻዋ መሬቱን አሽትታ ገና ስትረጋጋ አንድ አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ አጠገባቸው አለፈ። ጉንጬ ወደ ኋላ ተስፈንጥራ አንገቷን ከማሰሪያው አወጣች። ፍሬን ሲጮህ ተሰማ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ጉንጬ አስፋልቱን ተሻግራ በቆሎው ውስጥ ገብታለች፤ እሷ የያዘችው ባዶ ማሰሪያ ነው።

ባልና ሚስት ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ተጣሩ። በመጨረሻ ውሻዋ ራሷ ከማሳው ጠርዝ ብቅ አለች። መኪናውን አየችው፤ አባትየውን በመስኮት አየቻቸው። አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አደረገች።

"ዝም በሉ" አሉ አባትየው። "ከጠራችኋት ትመጣለች፤ ስትመጣ ደግሞ መኪና ይበላታል።"

እናም ዝም አሉ። ስትመጣ ለማየት ያን ያህል የጓጉላትን ውሻ እንዳትመጣ እየጸለዩ ቆሙ። መኪኖቹ በመሃላቸው ያልፋሉ። ባልየው ድንገት ዞሮ ወደ መንገድ ሥራው ሮጠ። እዚያ አንዲት ሴት ሠራተኛ ቀይ ባንዲራ ይዛ መኪና ታስቆማለች። እህቴ፣ አንድ አፍታ በሁለቱም በኩል ያዙልን አላት። ሴትዮዋ ምን ሆናችሁ ብላ ሳትጠይቅ ከባልደረባዋ ጋር በጩኸት ተነጋግራ አስቆመችለት።

መንገዱ ባዶ ሆነ። አሁን መጥራት ይቻላል። ጉንጬ የምትመጣው ደግሞ በአባትየው ፉጨት ነው፤ አጭር፣ አጭር፣ ከዚያ ረዘም ብሎ ወደ ታች በሚወርደው። አባትየው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ከንፈራቸውን አሾሉ። አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከሩ። የታመመው ጉንጫቸው አልታዘዝ አለ፤ ምራቅ በአገጫቸው ወረደ። በጣታቸው ከንፈራቸውን ሰብስበው ይዘው ሞከሩ። ልጅቷ ያን ስታይ ልታብስላቸው ብትፈልግም እጇ አልተንቀሳቀሰም። ባልየው ከወዲያ ሆኖ በራሱ መንገድ አፏጨ፤ ጉንጬ ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም። ልጅቷ በስሟ እየጠራቻት ቀስ ብላ መሻገር ጀመረች። መሃል ስትደርስ የታገዱት ሾፌሮች ትዕግሥታቸው አለቀ። አንዱ ጡሩንባ ሲነፋ ሁሉም ተከተለው። በቆሎው ተነቃነቀ። ውሻዋ የለችም።

ዳኛው በዚህ መሃል መንፈራገጥ ጀምሮ ነበር። ባንዲራ ያዥዋ የራሷን የመጠጥ ውሃ አምጥታ ሆዱ ላይ አፈሰሰችለት፤ ሐኪም ካላገኘ አይተርፍም አለች። ከተማው ሩቅ አይደለም። ልጅቷ እኔ እዚህ እቀራለሁ፣ እናንተ ሂዱ አለች። ባልየው በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ብቻሽን ትቼሽ አልሄድም አለ። ተጨቃጨቁ። ተጨቃጭቀው ሲያበቁ ሁለቱም አባትየውን አዩ። ሊጠይቋቸው ግን አልደፈሩም።

"ያለውን እናድን" አሉ ሳይጠየቁ። ሹራባቸውን ለማውለቅ ታገሉ፤ ልጅቷ እጅጌውን ሳበችላቸው። "ይሄን እዚያ ዳር ጣሉላት። ታሸተዋለች።"

የእንስሳት ሐኪሙ ዳኛውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ጉሉኮስ ሰካለት። ማታ ላይ ዳኛው አንገቱን ቀና አደረገ። አባትየው ራሱን ሲዳብሱ አመሹ።

ጉንጬን ካየሁ እደውላለሁ ብላ ስልካቸውን የወሰደችው ባንዲራ ያዥ ቃሏን ጠብቃ ትደውል ነበር። ሹራቡ ላይ ተኝታ አየኋት፣ ስጠጋት ሸሸችኝ ትላለች። ባልና ሚስት በእረፍት ቀናቸው እየሄዱ ማሳውን ዞሩ፤ አንድ ጊዜ ከሩቅ ጅራቷን ያዩ መሰላቸው። ቀጥሎ በቆሎው ታጨደ፤ ሹራቡም ጠፋ። የመንገድ ሥራውም ወደፊት ገፋ፤ ሴትዮዋ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች።

እሁድ ጠዋት ልጅቷ ልትሄድ ጫማዋን ስታስር አባትየው ከወንበራቸው ጠሯት።

"ከእንግዲህ አትሂዱ።"

"አባባ፣ ምናልባት…"

"ያንን መንገድ አውቀዋለሁ አሁን። እሷን ስጠብቅ እውላለሁ፤ እናንተን ደግሞ ስጠብቅ መዋል አልችልም።"

ልጅቷ ጫማዋን እንዳሰረች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባልየው የተዋሰውን መኪና ቁልፍ ለባልደረባው ሊመልስ ወጣ። እሷ ደረቷ ላይ አንድ ነገር ቀለል ሲላት ተሰማት። ቀለል ስላላትም በዚያው አፈረች።