ክፍት የተተወው ቧንቧ

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ስድስት አባወራ አንድ ሮቶ በሚጋራበት ግቢ፣ የውሃ ነገር የሰርክአዲስ ኃላፊነት ነው። ዝናቡ አጉል ሆኖ ፈረቃው ከሳምንት ወደ አሥር ቀን ሲገፋ፣ ጎረቤቱን ሰብስባ ደንብ ያወጣችው እሷ ናት፤ ለአንድ ቤት በቀን ሁለት ጀሪካን፣ ውሃ ያባከነ ደግሞ ሁለት ቀን ከሮቶው አይቀዳም። የሮቶውን ቁልፍም በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ከጎረቤቶቹ አንዱ ጋሽ ከተማ «ማተብ ደረብሽ እንዴ?» ብለው ቢተርቧትም ፈረሙ።

ታዲያ ሰው አይደለች፣ ትሳሳታለች! በፈረቃው ቀን ማለዳ፣ ውሃው ሲመጣ ድምፁን ልስማ ብላ፣ እንደ ልማዷ የግቢውን ቧንቧ ከፍታ ባልዲ ደቀነችበት። ጠብ የሚል ነገር የለም። አራት ኪሎ ጉዳይ ነበራትና ቧንቧውን እርስት አድርጋው ሄደች።

ስትመለስ ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ውሃው መጥቶ፣ ታች ክፍት ስላገኘ ሽቅብ ወደ ሮቶው መውጣት አቅቶት፣ ቦዩን ይዞ ሲወርድ ውሎ ጠፍቷል። ሮቶው ግማሽ እንኳ የለውም።

ጋሽ ከተማ፣ አራስ ልጇን የምትንከባከበውን ጎረቤታቸውን ነሲባን አፋጥጠዋታል። «ቤት የዋልሽው አንቺ ብቻ ነሽ። የአራሷን ጨርቅ ልታጥቢ ከፍተሽ ረሳሽው!»

«ወላሂ አልነካሁትም! ከልጄና ከሕፃኑ ጋር እንቅልፍ ጥሎን ነው» አለች ነሲባ።

«ደንብ ደንብ ነው። ሁለት ቀን አትቀጂም።»

ሰርክአዲስ ክው አለች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ብትናገር ደግሞ ከእንግዲህ ደንቧን ማን ይሰማታል? ግን አራስ ያለችበት ቤት ሁለት ቀን ያለ ውሃ! በራሷ አፈረች፤ ተናደደችም።

«ነሲባን ይተዋት፣ ጋሼ። ከፍቼው የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ቁልፉን አውልቃ ለነሲባ ዘረጋችላት። «ሁለት ቀን አልቀዳም። ቁልፉን አንቺ ያዢው። ከአራሷ በቀር የሁላችንም ጀሪካን ወደ አንድ ይውረድ፤ ያኔ የቀረው ውሃ አሥሩን ቀን ያደርሰናል።»

ነሲባ ቁልፉን ተቀብላ ትንሽ አየችውና መልሳ የሰርክአዲስ አንገት ላይ አጠለቀችው። «እኔ አንጀቴ አይችልም፤ ለለመነኝ ሁሉ ስቀዳ በሦስት ቀን እጨርሰዋለሁ። አንቺው ያዢው።»

ጋሽ ከተማ አንገታቸውን ደፉ። «አፉ በይኝ፣ ነሲባ። እኛ ግን አለቀልን! ይቺ ለራሷ ያልራራች ሴትዮ ለኛ ልትራራ ነው?» አሉና ሊቀዱባቸው ካመጧቸው ሁለት ጀሪካኖች አንዱን ወደ ቤታቸው መለሱ።