በሦስተኛው ዓምድ የተጻፈው ስም

ልጆቼ፣ ይቺ የምነግራችሁ በራሴ የደረሰች ነገር ናት። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ አጻጻፌ ከተንሻፈፈ እናንተ አቃኑት።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ጣና ዳር ወረድሁ። ስኳር ስላለብኝ ሐኪሙ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ ብሎኛል። ከደንገሉ አጠገብ አንዲት ልጅ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ውኃ ውስጥ ቆማለች። ጫማዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣዋለች፤ ካልሲዋን አጣጥፋ ውስጡ ከታዋለች። ውኃው ጉልበቷን አልፏል። እምቦጩ ቀሚሷን ዙሪያውን ይዞታል።

«የኔ እመቤት፣ ጉማሬ አለ እኮ እዚህ!» አልኋት።

ዞር አላለችም። «አውቃለሁ» አለች።

ያ አነጋገሯ አላማረኝም። ነጠላዬን ጥዬ እስከ ጉልበቴ ገባሁና ክንዷን ያዝሁ። ፊቷን ሳየው ዜማ ናት፤ የጎረቤቴ የሟቹ የሕዝቅኤል የልጅ ልጅ። ገና ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ጎትቼ አወጣኋትና ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኋት።

«ትምህርት የለም እንዴ ዛሬ?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

«እማማ ፀሐይወርቅ፣ ጠቋሚነት በዘር ይተላለፋል?»

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። መምህሯ ማህሌት ስለ ቀይ ሽብር እያስተማረቻቸው ነው። ከየቤታችሁ ጠይቃችሁ ኑ ብላ፣ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋ ሦስት ዓምድ ሠርታለች፦ የሞቱ፣ የተሰወሩ፣ የጠቆሙ። አንድ ልጅ ከቤቱ የሕዝቅኤልን ስም ይዞ መጣና በሦስተኛው ዓምድ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ዜማ ወደ ክፍል ስትገባ «ዝም በሉ፣ ጠቋሚ መጣች!» ይላሉ። ዴስኳ ላይ የሚጠቁም ጣት ሥለውባታል። ዓርብ ደግሞ የመታሰቢያ ቀን ነው፤ ወረቀቱ ሰልፍ ሜዳው ላይ ይሰቀላል፣ ወላጅ ሁሉ ይመጣል።

«ዓርብ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኋት።

ውኃውን አየችው። «ዓርብ እዚህ ነኝ» አለች።

ልጆቼ፣ ሕዝቅኤል አልጠቆመም። ይህን በሕይወት ካለ ሰው የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

መምህርት ማህሌት ሐሙስ ክፍል መጥተን ለልጆቹ እንድንነግራቸው እኔንና ሸሪፋን ጋብዛን ነበር። የሸሪፋ አባት ሙሀመድየሱፍ እዚሁ ሹም አቦ ሠፈር ጎረቤታችን፣ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት ተማሪውን ወንድሜን ጌትነትን እቤቱ ደበቀው። በፋሲካ ዕለት ሁለቱንም ወሰዷቸው። አስከሬን አላየንም። ማልቀስም ክልክል ነበር፤ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ወዲህ ሸሪፋና እኔ እኅትማማች ነን። ባሌን ስቀብር ሦስት ቀን አብራኝ መሬት ተኝታለች። ፋሲሎ ሠፈር ከተዳረች በኋላ እንኳ ሳትጠይቀኝ ሳምንት አያልፍም። ይህን ነገር ከተናገርሁ የማጣው እሷን ነው። ስንት ጊዜ እስከ ምላሴ ጫፍ እያመጣሁ የመለስሁት ለዚህ ነው። ዝም ካልሁ ደግሞ ዓርብ አለ።

ሐሙስ በባጃጅ መጣችልኝ።

«አንቺ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ መንገድ ላይ። «ልጆቹ ፊት ልታለቅሺ እያጠራቀምሽ ነው?»

«ስኳሬ ነው።»

«ስኳር አፍ ይይዛል? ምነው ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ በያዘልሽ፣ እኔም ጆሮዬ ባረፈ!»

ሹፌሩ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። እኔ የሳቋን ድምፅ በደንብ አዳመጥሁት።

ክፍሉ ውስጥ ስድሳ ልጆች ነበሩ። ዜማን አባብዬ አምጥቻታለሁ፤ ኋላ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሸሪፋ ልጅቱ የማን ልጅ እንደሆነች አታውቅም። አባቷ ሲወሰድ ጫማ እንኳ እንዳላደረገ፣ እናቷ ጫማውን ይዛ እስከ መኪናው እንደሮጠች ለልጆቹ ነገረቻቸው። አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«እማማ፣ ማን ነው የጠቆመባቸው?»

«ይሄማ አገር ያወቀው ነው» አለች ሸሪፋ። «ሕዝቅኤል። በዚያ ጧት ቅርጫ ሲካፈሉ ከአብዮት ጥበቃው ጋር ሲንሾካሾክ ታይቷል።»

ስድሳ አንገት ባንዴ ወደ ኋላ ዞረ። ዜማ ደብተሮቿን አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ ቦርሳዋ ውስጥ መክተት ጀመረች። ያ ጥንቃቄዋ ጫማዋን ድንጋይ ላይ ካስቀመጠችበት ጋር አንድ ነበር።

«ሕዝቅኤል አይደለም» አልሁ።

«ምን?» አለች ሸሪፋ።

ተነሣሁ። ጠረጴዛውን ይዤ ነው የተናገርሁት።

«ልጆቼ፣ እኛ የክርስቲያኑን ሥጋ እስላሙ እንደማይበላው፣ የእስላሙንም እኛ እንደማንበላው ታውቃላችሁ። ለበዓል ለነሸሪፋ ቤት ዳቦ ነበር የምንልከው፣ ማር ነበር የምንልከው። ሥጋ ልከን አናውቅም። የዚያን ዓመት ግን ጌትነት ኀምሳ አምስቱን ቀን ተደብቆ ጾመ። እናቴ ልጄ ፋሲካን በደረቅ ዳቦ አይፈስክም አለች። የእናት ነገር። ከቅርጫችን ወጥ ሠርታ፣ በሳህን አድርጋ፣ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማዕዘኑ ላይ የአብዮት ጥበቃው ተቀምጧል። ‹ፀሐይዬ፣ እንኳን አደረሰሽ፤ ምን ይዘሻል?› አለኝ። ‹ወጥ።› ‹ለማን?› ‹ለነሸሪፋ ቤት።› ጨርቁን ፈታ አድርጎ አሸተተው። ‹የምን ወጥ ነው?› ‹የቅርጫ› አልሁት። ወደነሸሪፋ በር አየት አደረገ። ከዚያ ጨርቁን መልሶ፣ እንደ እናት እጅ አጥብቆ ቋጠረልኝና ‹በይ ሂጂ፣ ሳይቀዘቅዝ› አለኝ። ከቀትር በኋላ መኪናው መጣ። ሕዝቅኤል ጧት ከሰውየው ጋር ያወራው የራሱን ነገር ነው፤ እኔ የራሴን ነው የማውቀው።»

ያ የጠየቀው ልጅ እጁን ሳያወጣ፦

«እና ጠቋሚዋ እርስዎ ነዎት?» አለ።

«አንተ!» አለች ማህሌት።

«ተይው ይጠይቅ» አልኋት። «የኔ ልጅ፣ ስናገር ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ያንን እግዜርም ይቅር የሚለኝ ይመስለኛል። ሕዝቅኤል ሲሰደብ ዝም ስል ግን ሃያ ዓመቴ ነበር፣ ሠላሳ ዓመቴ ነበር፣ ኀምሳ ዓመቴ ነበር። ወደ ዕድሩ ሲመጣ ሰው ከአጠገቡ ይነሣ ነበር። እኔም ተነሥቻለሁ።»

ሸሪፋን ለማየት ፈራሁ። እሷ ግን ዝግ ባለ ድምፅ፦

«ሳህኑን አስታውሰዋለሁ። በሩን የከፈትሁልሽ እኔ ነኝ። ‹ጌትነት፣ ሥጋ መጣልህ!› ብዬ ጮኼያለሁ» አለች።

ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ተነሣች። ልጆቹ ሁሉ ወደሚያዩት ወደ ኋላው ወንበር ሄደች። «የሱ ልጅ ነሽ?» አለቻት ዜማን።

«የልጅ ልጁ ነኝ።»

«አያትሽን ለቀብር ሲያሳልፉት ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር። አልተሻገርሁም» አለቻትና ወጣች። ባጃጁን ብቻዋን ይዛ ሄደች።

ማህሌት የሕዝቅኤልን ስም ሰረዘች። ስሜን እዚያ ላይ መጻፍ ከበዳት፤ ወረቀቱን ቆርጣ ልትጥለው ፈለገች። እኔ እንቢ አልሁ። «ከጣልሽው እኮ ሌላ ሰው ያስገቡበታል» አልኋት። ጻፈችው፤ ከሥሩም የሆነውን በአራት መስመር ጻፈች።

ዓርብ ተሰቀለ። ዜማ ሰልፍ ላይ ቆመች፤ ጧት ቤቷ ድረስ ሄጄ ስትወጣ ያየኋት እኔ ነኝ። ወላጆች ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ ዞረው ይፈልጉኛል። አንዲት እናት አጠገቤ የቆመችውን ልጇን በእጇ ሳብ አደረገቻት። አንድ አባት ደግሞ ማህሌትን «በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አገር፣ የሰው ስም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል?» ሲላት ሰማሁ። ጥያቄውን እስከ ዛሬ እያሰብሁት ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ባጃጅ ሠፈራችን ገባ። ሸሪፋ ወረደች። በሬ ላይ ቆሜ ነበር። በፊቴ አለፈችና የሕዝቅኤልን ቤት አንኳኳች። ሚስቱ ገና በሕይወት አለች፤ ዐይኗ ግን ደክሟል። «ማን ነው?» ስትል፣ ሸሪፋም «የሙሀመድየሱፍ ልጅ ነኝ» ስትል ሰማሁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ፀሐይ ጣና ላይ ልትገባ ስትል ነው የወጣችው። ዜማ እስከ ባጃጁ ሸኘቻት። እኔ ከቆምሁበት አልተነቃነቅሁም። ሸሪፋ ባጃጁ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ወደኔ ቀና አለች፤ ረዥም ጊዜ አየችኝ። «ሸሪፋ» አልሁ።

ፊቷን ወደ ፊት መልሳ ሹፌሩን «ሂድ» አለችው።