ቀኑ የጠፋ ዳጉ

በዚያ ዓመት አፋሮች ሱጉም የሚሉት የበልግ ዝናብ ቀረ። ሣር አልበቀለም። ላሞች ነጠፉ፤ ጥጆች አለቁ። ሐምሌ ሲገባ ደጋው ዘነበ፤ ቆላው ግን ጠብታ አላየም። አዋሽ ወንዝ ብቻ ከላይ በኩል እስከ አፍ ገደፉ ሞላ።

ሰላሀዲን በአዋሽ ከተማ ስልክ ይጠግናል። ሥራ ሲፈታ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ለሆነ አንድ የመልእክት መለዋወጫ ፕሮግራም ፕለጊን፣ ተጨማሪ ክፍል፣ ይሠራል። ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክቱ በብሉቱዝ ስልክ ከስልክ ይሻገራል፤ ፕሮግራሙን የጫኑ የጂቡቲ መንገድ ሾፌሮች ወሬውን በኪሳቸው ይዘው ያልፋሉ። አፋሮቹ ወደዱለት። መንገደኛ ቆሞ ያየውንና የሰማውን የሚናገርበት ዳጉ በስልክ መጣልን አሉ።

ከገዋኔ እስከ ሚሌ ኔትወርክ ጠፍቶ በሰነበተበት ሳምንት ኑሀሚን ከሰመራ ደወለች። መምህርት ናት፤ ፕለጊኑን አብራው ትሠራለች።

«‹ወንዙ ጎድሏል፣ ዳሩ ሣር ነው› የሚለውን አየኸው?»

«አላየሁም። የመቼ ነው?»

«የዛሬ ይላል። አንድ ሾፌር ከአዳይቱ ይዞት መጣ። ሰዉ ከብቱን ወደ ዳር ሊነዳ ነው አለኝ።»

«የዛሬማ አይሆንም። ወንዙን እዚህ መጥተሽ ብታዪው!»

«እኔም ጠርጥሬ ኮዱን ከፈትኩት። በተሻገረ ቁጥር የደረሰበትን ቀን ይጽፋል፤ የተጻፈበትን ይጥለዋል። ወሬው የግንቦት ነው፤ ወንዙ የጎደለው ያኔ ነበር። ማን እንዲህ አደረገው እንዳትለኝ፣ አንተው ነህ።»

ሰላሀዲን ቀኑን የቆረጠው መልእክቱ እንዲቀል ብሎ ነበር።

«በል አስተካክለህ ላከው» አለች።

«በምን? ማስተካከያውም በሾፌር ኪስ ነው የሚሄደው። ቢደርስስ? ሁለት ወሬ ሲሆንባቸው ሣር ያለበትን ነው የሚያምኑት።»

ከአዋሽ ከተማ በታች፣ ኔትወርክ በጠፋበት በአዳይቱ፣ ሀምዳ የሚባል ሰው አለ። የሰላሀዲን አባት በንግድ መንገድ ታሞ ወድቆ በጠፋ ጊዜ፣ የት እንዳለ ሊነግር አዋሽ ድረስ የመጣ ከብት አርቢ ነው። የሰላሀዲን እናት ሰዓዳ ስኳርና ጨርቅ ብትሰጠው አልተቀበለም። «ወሬ በወሬ ነው የሚመለሰው» ብሏት ሄደ። ሰዓዳ እስከ ዛሬ «የሀምዳ ውለታ አለብን» እንዳለች ነው።

ሰላሀዲን ሱቁን ዘግቶ ከባድ መኪና ላይ ወጣ።

አዳይቱ ሲደርስ ከብቱ ወንዝ ዳር ወርዷል። ሽማግሌዎቹ አስቀመጡት። ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ ሳቀ፤ «ከተሜ፣ ዳጉ ልታስተምረን መጣህ?»

ሀምዳ አልሳቀም። «በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ?»

«በዓይኔ። ዛሬ ጠዋት አዋሽ ከተማ ድልድዩ ላይ ቆሜ። ውሃው ግንድ ከነሥሩ ነቅሎ ይወርዳል። ነገ እዚህ ይደርሳል።»

«ስልኬ ወንዙ ጎድሏል ይላል።»

«እሱ የግንቦት ወሬ ነው፣ አባባ። ቀኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

 ሀምዳ ዱላውን አንስቶ ተነሣ።

ልጆቹንና ፍየሎቹን አስቀደሙ። የከሳው ከብት ዳገቱን እምቢ አለ፤ ጎትተው፣ ገፍተው፣ ያልሆነውን ጭቃው ውስጥ ትተው ወጡ። በማግስቱ ውሃው መጣ። የቀሩትን ላሞች ሲወስድ ሁሉም ከላይ ቆሞ አየ። ሰው አልጠፋም።

ሀምዳ ስልኩን አውጥቶ ለሰላሀዲን ሰጠው።

«ፕሮግራሙን አጥፋልኝ።»

«አስተካክለዋለሁ እኮ።»

«አስተካክል። ከእኔ ግን አጥፋው።»

ሰላሀዲን አጠፋው። ሀምዳ መንገድ ድረስ ሸኘው፤ መኪናም እሱው አስቆመለት።

«ለሰዓዳ ንገራት» አለው፣ በሩን እየዘጋ። «ወሬው በወሬ ተመልሷል፤ ከእንግዲህ በቤቷ የእኔ የሆነ ነገር የለም።»