ልብስ ሰፊዋ ያየችው

ልጅቷ የተገደለችው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከልብስ ሰፊዋ በር ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ። ይሄ አይካድም። ልብስ ሰፊዋ ይህንኑ ስትደጋግም ዛሬ አሥራ ስምንተኛ ቀኗ ነው፣ አሁን ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣም ከጭንቅላቷ አልወጣ ብሏታል፣ ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት፣ ሁለት እርምጃ፣ መርማሪው ይናገራል፣ በጥርጣሬ የተያዘው የሕንፃው ጥበቃ ሐሙስ ይለቀቃል ነው የሚላት፣ ቢላዋው አልተገኘም፣ ዐቃቤ ሕጉ ያንቺ ራእይ ማስረጃ አይሆንም ብሏል፣ የዓይን ምስክር ከሌለ መዝገቡ ይዘጋል።

የዓይን ምስክር።

ምን አስቀባጠረሽ፣ ማን ወጥሮ ያዘሽ ትላለች ራሷን፣ የሟቿን ሻርፕ እጇ ላይ ሲያስቀምጡላት ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅዋን ጎርነን አድርጋ፣ የደንብ ልብስ ይታየኛል፣ ግራ እጁ ላይ ጠባሳ አለ፣ ስትል ፖሊሶቹ እስክሪብቶ ሲያነሱ ደስ ብሏት ነበር እኮ፣ ትንሽ ደስ ብሏት ነበር፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍራት ይሄ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ በእርግጥ ታይቷታል፣ ወንዝ ውስጥ የተጣለው ነጋዴ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘችው ሴትዮ፣ ሳትፈልገው፣ የሟቾቹን ልብስ እንደያዘች፣ ታዲያ ሦስተኛውን ማን ይጠረጥራል፣ ጎረቤቶቿ እንደሆኑ ደረጃ ላይ ባገኟት ቁጥር የባሌን ሸሚዝ ላምጣልሽና እስቲ የት እንደሚውል እዪልኝ እያሉ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች።

ሦስተኛው ራእይ አይደለም። የበር ቀዳዳ ነው። በሩ ተንኳኳ፣ በመዳፍ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በቀዳዳው አየች፣ የልጅቷ ፊት፣ ከኋላዋ ጥበቃው፣ ጣቃ ጨርቋን ተሸክሞ ሲያወጣላት የኖረው ጥበቃ፣ ቢላዋ፣ እትዬ ይክፈቱልኝ፣ እትዬ፣ እጇ መቀርቀሪያው ላይ ነበር፣ ነበር፣ አልሳበችውም። እግሬ ተሳሰረ ትላለች ለራሷ፣ ውሸት፣ እግሯ ደህና ነበር፣ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ሄዳ ቁም ሣጥኑ ጥግ ተቀመጠች።

የልጅቷ እናት ደግሞ በየቀኑ ትመጣለች። ሳትገባ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ እህቴ ሌላ የታየሽ ነገር የለም ወይ ትላታለች፣ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ምን ትበላት፣ የለም ትላታለች፣ እናትየው እጇን ስማ ትሄዳለች፣ ያንን እጅ።

ሐሙስ። ጥበቃው ተለቅቆ ደረጃው ላይ ይገጥማታል፣ እንዴት ዋሉ እትዬ ይላታል፣ ጣቃዋንም ልያዝልዎት ይላታል። ብትናገርስ፣ እናትየው ትሰማለች፣ ትተፋባታለች፣ ትትፋ፣ ይገባታል፣ ትትፋባት፣

«አልታየኝም» ትላለች፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው እየመሰላት። «በዓይኔ ነው ያየሁት። ቤት ነበርኩ።»

መርማሪው አይደነግጥም። ፋይሉን ወደ እሷ አዙሮ ሁለተኛውን ገጽ ይገልጥላታል፣ የእናትየው ቃል ነው፣ የተሰጠው በማግስቱ ረቡዕ፣ ታነባለች፣ ልጄ እየሮጠች ደወለችልኝ፣ ስልኩ አልተዘጋም ነበር፣ ማን እንደሚያባርራት አልነገረችኝም፣ እማዬ አትፍሪ፣ እትዬ ቤት አሉ፣ እሳቸው ይከፍቱልኛል ነው ያለችኝ።