የመጀመሪያው ቅርንጫፍ

ትሮልስ ቀና ሲል ልጁን ቪጋን ያስቀመጠበት ቅርንጫፍ ላይ አጣት። ቢጫ የዝናብ ልብሷን ያገኘው በጣም ከፍ ብሎ፣ ቅርንጫፎቹ መቅጠን ከሚጀምሩበት ቦታ ነው። አራት ዓመቷ ነው።

አዲስ ልጅ ጫካ ውስጥ የሚውለውን መዋዕለ ሕፃናት እስኪለምድ ወላጅ አብሮ ይውላል። ትሮልስም ኦርሁስ ከተማ አውቶቡስ ከሚነዳበት ሥራው ፈቃድ ወስዶ መጥቷል። ጠዋት አስተማሪዋ ቦዲል እሳት እያያያዘች፣ «እዚህ ልጆቹ ይመራሉ፣ እኛ እንከተላለን» ብላው ነበር። «ቢላ ይይዛሉ፣ ጭቃ ይገባሉ፣ አትደንግጥ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ማንንም ዛፍ ላይ አንስተህ እንዳታስቀምጥ። በራሱ የወጣ ልጅ መውረጃውንም ያውቀዋል።»

እሺ ብሎ ነበር። ግን ቦዲል ፊቷን ስታዞር ቪጋ ሁለት እጇን ዘረጋችለት፤ «አባ፣ እዚች ጋ ብቻ።» ቅርንጫፉ ከራሱ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ምን አለበት ብሎ አነሳት። ከዚያ አስገር የሚባል ልጅ የሞተ ጥንዚዛ ሊያሳየው እጁን ጎተተው፤ ሄደ።

አሁን ግን ጮኸ። «ቪጋ! ውረጂ! አሁኑኑ ውረጂ!»

እስኪጮህ ድረስ እያንጎራጎረች ነበር። ዝም አለች። ወደ ታች አየች፤ ግንዱን በሁለት እጇ አቀፈችና ፊቷን ቅርፊቱ ላይ ለጠፈች።

«የኔ አባት እንደዚህ የሚጮኸው ሲያንኮራፋ ነው» አለ አስገር።

ቦዲል እጇን በሱሪዋ እየጠረገች መጣች። «አትጩህባት። ደህና ነበረች እኮ። በራሷ ወጥታለች፣ በራሷ ትወርዳለች። ና፣ ጥቁር ዳቦህን ብላ።»

ንፋሱ መጣ። ዛፉ ከላይ ቀስ ብሎ ዘመመና ተመለሰ፤ ቢጫው ልብስም አብሮት። የቦዲል እርጋታ የቆመው ትሮልስ በሸሸገው ነገር ላይ ነው። ዝም ቢል ቦዲል አትፈራም፤ ካልፈራች ደግሞ ለቪጋ ማንም አይደርስላትም።

«በራሷ አልወጣችም» አለ። «እኔ ነኝ ያነሳኋት።»

ቦዲል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ፊቷ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሲሸሽ አየ።

«መሰላል የለንም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔም አንተም ብንወጣ ቅርንጫፎቹ አይችሉንም። ከሥሯ ቁም። እንዳትናገር።» ከዚያ ቀና ብላ፣ እሳት ዳር እንደተቀመጠች ሁሉ ጠየቀች፤ «ቪጋ፣ እግርሽ ምን ላይ ነው?»

ቅጠል ረገፈ።

«ያንሸራትታል» አለች ቪጋ በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ምኑ ነው የሚያንሸራትተው?»

«ቦቲዬ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ትያለሽ?»

ትሮልስ፣ «ንገሪያት እንጂ፣ ምን ትጠይቂያታለሽ» ሊል ነበር፤ ጥርሱን ነከሰ። ወዲያው አንድ ነገር ከላይ ተወርውሮ እየተላተመ ወረደና አጠገቡ መሬት ላይ ጧ አለ። ዐይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው የላስቲክ ቦቲ ነው። ሁለተኛውም ተከተለ።

ልጆቹ ሁሉ ዳቧቸውን እንደያዙ ቀና ብለው ያያሉ። ቪጋ በካልሲዋ ቅርንጫፉን ዳሰሰች፤ አንዱን ረግጣ ተወችው፤ ሌላ ፈለገች። አንዴ እግሯ አመለጣትና በእጇ ብቻ ተንጠለጠለች። ትሮልስ ከጉሮሮው የወጣውን ድምፅ አላወቀውም። እግሯ ግንዱን አገኘው። ተነፈሰች። እሱ ግን አልተነፈሰም፤ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ ደርሳ እስክትቀመጥ ድረስ።

ክንዱን ዘረጋላት። አልመጣችም። መሬቱን አየችና ግራ ገባት።

«አባ፣ እዚህ ጋ ምን ላይ ነበር የረገጥኩት?»

«ምንም ላይ አልረገጥሽም። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩሽ።»

አሰበችበት። «እንግዲያው አንተ አውርደኝ።»

ላዩ ላይ ወደቀች። መዳፏ ተልጧል፣ ጉንጯ በቅርፊት ተፍቋል። አጥብቆ ሲይዛት፣ «አመመኝ፣ ልቀቀኝ» አለችው። ለቀቃት።

ቦዲል አጠገቡ ቆመች። እጆቿን ብብቷ ሥር ወሽቃለች። «ነገ ትመጣላችሁ?»

ትሮልስ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ቪጋ ቦቲዎቿን አላነሳችም። በካልሲዋ ዛፉን እየዞረች፣ ከመሬት እስከ ቅርንጫፉ ያለውን ግንድ በተላጠ መዳፏ ትዳስስ ነበር፤ እግር የሚያሳርፍ እብጠት፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ስታገኝ ትቆማለች። አንዱ ላይ እግሯን አሳርፋ ከመሬት ተነሳች። ትሮልስ አንድ ቃል ቢናገር እንደምታቆም ያውቃል።

አልተናገረም። ሄዶ ከሥሯ ቆመ።