የደረቁ ወንዝ ኬላ

ኬላ ጠባቂውን ሾፌሮቹ «ጋሼ ቆይ» ነው የሚሉት። ስም አጥተውለት አይደለም፤ ከአፉ የማይጠፋው ይኸው አንድ ቃል ስለሆነ ነው። መንገዱ ደረቁን ወንዝ በሚያቋርጥበት ቦታ፣ ከቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ቆይ» ሲል ኖሯል። ድልድይ ሊሠራ ነው የተባለ ጊዜ ልጁ ገና ተማሪ ነበረች። እሷ ተምራ ነርስ ሆነች፤ ድልድዩ ግን እስከ ዛሬ ከወረቀት አልወረደም።

ወንዝ መባሉ ራሱ ቀልድ ይመስላል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋና ጠጠር ነው፤ ፍየል ይተኛበታል። የቀሩት ጥቂት ቀናት ግን አያድርስ ነው። እዚህ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ከተፍ ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ደራሽ ውሃ ግን ለሳቅም ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ተራራው ሥር የተመደበው ውሃ ለኪ፣ ወንዙ መሙላት ሲጀምር ይደውላል፤ ጋሼ ቆይ የኬላውን ብረት ያወርዳል። በሚያጠራጥር ቀን ደግሞ ብረቱ ከፍ ቢልም ማንም ዘው ብሎ አይገባም። ጋሼ ቆይ ከፊት ያለው መኪና ማዶ መውጣቱን አይቶ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ነው ቀጣዩ የሚገባው። ጩኸት አይሠራም፤ በሞተርና በነፋስ መሃል ማን ማንን ይሰማል? እጅ ከተነሳ እለፍ ነው፤ ካልተነሳ ባለህበት። ይህን የማያውቅ ሾፌር በዚያ መንገድ አይመላለስም።

የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እዚህ ሰማዩ ተቀዷል» አለ ውሃ ለኪው። «እናንተ ጋ ለመድረስ እንደወትሮው ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ብቻ እንጃ፣ የዛሬው አላማረኝም።»

ብረቱን አወረደ። ቀድሞ የደረሰው ሽንኩርት የሚያመላልሰው ሾፌር ነበር፤ ሮኬት ይሉታል። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ባዶውን አሸዋ ቃኘ።

«ጋሼ ቆይ፣ ደግሞ ዛሬ ምን ታይቶህ ነው? አቧራ እንዳያሰጥመኝ ፈርተህ ነው?»

«ቆይ ብያለሁ ቆይ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ዘግተህብን ጠብታ አልመጣም። ይሄ ሽንኩርት እዚሁ ሊበቅልልህ ነው እኮ!»

እውነቱን ነው። ሦስቱንም ጊዜ ውሃው መንገድ ላይ አሸዋ ጠጥቶት ቀርቷል፤ ጋሼ ቆይም ከአለቃው ዘንድ የማይረሳ ተግሳጽ ጠጥቷል። ሁለት ሰዓት ካለ፣ ይህን አንድ መኪና ማሳለፍ ምን ነበረበት? ነገር ግን ከቅርቡ ጥቁር ኮረብታ ጀርባ ነጎድጓድ ሰምቷል። የኮረብታው ገደል ከወንዙ ጋር የሚገናኘው ከመሻገሪያው እምብዛም ሳይርቅ ነው። እዚያ የሚለካም የሚደውልም ሰው የለም።

ሮኬት ትንሽ አጉረመረመና ሞተሩን አጥፍቶ መቀመጫው ላይ ተጋደመ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆየ አምቡላንስ አቧራውን እያስነሳች ደረሰች። ከውስጧ ዘላ የወረደችው የጋሼ ቆይ ልጅ ናት። እጅጌዋ በደም ርሷል።

«አባዬ ክፈት!»

«ምን ሆናችሁ?»

«ምጥ ላይ ናት፣ ደም አልቆም አላት። ሆስፒታል ካልደረስን እናቲቱም ልጁም ከእጄ ይወጣሉ።»

«ልጄ፣ ያንን ደመና አላየሽውም? ትንሽ ቆይ…»

«እሷ መቆየት አትችልም አባዬ!»

ከአምቡላንሷ ውስጥ ማቃሰት ተሰማ። ጋሼ ቆይ ኮረብታውን አየ፣ አሸዋውን አየ፣ ልጁን አየ። ያለችው አንድ ልጅ እሷ ናት። ቢዘጋ የሰው ልጅ ይሞታል፤ ቢከፍት የራሱን ልጅ ነው የሚሰደው። ብረቱን አነሳ።

ሮኬት ሳይጠይቁት ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኋላ አፈገፈገና «እናንተ ቅደሙ፣ ቅደሙ!» እያለ መንገድ ለቀቀ።

አምቡላንሷ ገባች። መሃል ላይ ስትደርስ ጎማዋ አሸዋ ውስጥ ተሽከረከረ። ጋሼ ቆይ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ደባልቆ ጠራው። ጎማዋ እንደምንም ቆንጥጦ ያዘ፤ እያቃሰተች ማዶውን ዳገት ወጣች። ልጁ በመስኮት ብቅ ብላ እጇን አወዛወዘችለት።

ደስታው አቅሉን አሳተው። እሱም ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ከኋላው ሞተር አጓራ። ሮኬት ለምስጋና አጭር ጥሩንባ ነፍቶ በአጠገቡ አለፈ። ጋሼ ቆይ ክው አለ። «ቆይ! ቆይ!» እያለ ተከተለው፤ ድምፁን ሞተሩ ዋጠው። ወዲያው ከገደሉ በኩል ጠጠር የሚገለብጡ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ቡናማው ውሃ። መኪናውን በጎኑ መታው። የሽንኩርቱ ከረጢቶች ተንሳፈፉ፤ አንድ ጎማ ብቅ ብሎ ታየ፤ ከዚያ ውሃው ብቻ ቀረ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሬሳውን ከታችኛው መታጠፊያ አወጡት። ልጁ ደወለች። «አባዬ፣ ሁለቱም ተረፉ! ወንድ ነው!» አለችው። ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም ራሱን ጠላ። «ተመስገን» ብሎ ዘጋው፤ ሌላውን አልነገራትም።

አለቃው ደግሞ መጥቶ ወደ ጎን ወሰደው። «አምቡላንስ ማሳለፍህ አያስጠይቅህም። ያኛው ግን ተከትሎ ዘሎ ገባ፤ እንዲያ ብለህ ጻፍ» አለው። 

የሮኬት ሚስት ነጠላ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሯ ደረሰች። ፊቱ ላይ የተጣለውን ሸራ ገልጣ አየችና መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች።

«አንተ ችኩል! ስንቴ ነገርኩህ! ለሽንኩርት ብለህ ልጆችህን በተንክ! ችኮላህ ገደለህ!»

የከበቧት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁርጥ እሱን፤ መቼ ሰው ይሰማና» አለ አንዱ። የጋሼ ቆይ እጅ ሲነሳ ከሞተው ሰው በቀር ልብ ያለ የለም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ቢተወው ማንም አይጠይቀው፤ ሮኬትም ችኩል እንደተባለ ይቀበራል። ጋሼ ቆይ ሰዉን እየከፈለ ሄዶ ፊቷ ተንበረከከ።

«እህቴ፣ አልቸኮለም» አላት። «ሞተሩን አጥፍቶ ሲጠብቅ ነበር። ለአምቡላንሷም መንገድ የለቀቀው እሱ ነው። የገባው እኔ እጄን ሳነሳ ነው።»

ሴትዮዋ ልቅሶዋን አቋርጣ አየችው።

«ውሃ እየመጣ ለምን አነሳህ?»

«ልጄ ተሻግራልኝ ነበር» አላት።